ካሮት በክሊንጎን

«ይኼስ ምን ይባላል?» አለ ታናሽ ወንድሟ፣ እህቱ ከሾርባው በማንኪያ ያቀረበችለትን ቁራጭ ካሮት እንደ ጠላት እያየ።

ዩኒፎርሟን እንኳ አላወለቀችም። ከትምህርት ቤት እንደገባች ሥጋ ቆራርጣ፣ ድስት ጥዳ፣ የልጁን አንሶላ ቀይራ ነበር። እግሯ ዝሏል። እናታቸው ከልብስ ስፌት ፋብሪካው እስክትመለስ ቤቱ በእሷ ጫንቃ ላይ ነው።

ካፒቴን (ቤት ውስጥ ልጁን ሁሉም የሚጠራው እንዲህ ነው) ከታመመ ወዲህ ምግብ ጠልቷል። ትኩሳቱ ሲለቀው የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ሄደ። ሐኪሟ «ካልበላ መልሼ ሆስፒታል አስተኛዋለሁ» ብላለች። አንድ ቀን እህቱ ግራ ቢገባት ሥጋውን «ሃዲባህ» አለችው፤ እሱ በሚወደው ፊልም ላይ ያሉት የጠፈር ተዋጊዎች በሚናገሩት በክሊንጎን ቋንቋ። ካፒቴን ሳቀና ዋጠ። ከዚያ ወዲያ በክሊንጎን ያልተጠራ ነገር አፉ አይገባም። ምግብ ሶጅ፣ ሾርባ ቻትል ሆነ። እንቁላል ቂም መባሉን ሲሰማማ፣ «እናንተ ቂም ትይዛላችሁ፣ እኔ እበላዋለሁ!» ብሎ ሁለት ጨረሰ።

ችግሩ፣ ከኢንተርኔት ያገኘችው መዝገበ ቃላት አጭር ነበር። የድንችንና የሩዝን ስም ብታጣ ከራሷ ፈጠረች፤ ድንቹ «ግሮቅ»፣ ሩዙ «ትላፕ» ተባለ። ማን ያጣራል?

«ንገሪኝ እንጂ እትዬ! ሰኞ ክፍል ስመለስ ሁሉንም ላስተምራቸው ነው። ፕሮፌሰር ራሱ አፉን ይይዛል።»

ማንኪያውን ሳህኑ ላይ መለሰችው። ፕሮፌሰር የሚሉት የክፍሉ ልጅ ቋንቋውን ከእሷ በላይ ያውቃል፤ በሰው ስህተት መሳቅም ይወዳል።

«የካሮትን አላውቀውም» አለች።

«አትቀልጂ!»

«የእውነቴን ነው። ግሮቅም ትላፕም የሉም። እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው።»

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«እንድትበላ።»

«ሃዲባህስ?»

«እሱ እውነት ነው። ቻትልም፣ ቂምም።»

ካፒቴን ሳህኑን ገፋ አድርጎ ወደ ግድግዳው ዞረ። «አልበላም።»

ለካሮቱ የሚሆን አንድ የሚያምር የፈጠራ ስም ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶላት ነበር። ብትለው ምናልባት ይዞርላት ነበር። ዋጠችው። ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻው ሳበችለትና ሳህኑን ይዛ ወደ ማእድ ቤት ሄደች። የቀዘቀዘውን ሾርባ መልሳ ድስቱ ውስጥ ገለበጠች፤ ምድጃውን በትንሹ ለኮሰች፤ በርጩማ ስባም እስኪርበው ልትጠብቅ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች።