የፋና መደብ

ከላሊበላ ከተማ ቁልቁል ባለች አንዲት መንደር፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ምናለና አዛለች የተባሉ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። የግብርና ሠራተኛው የካሮትና የቆስጣ ዘር ሲሰጣቸው ጓሯቸውን ቆፍረው መደብ አወጡ። ሥራው የቤተሰቡ ሁሉ ነበር። ሴት ልጃቸው ፋና በጣሳ ውኃ እየቀዳች ታጠጣለች፤ ታናሽ ወንድሟ የአብስራ ከኋላዋ እየተከተለ አረም ይነቅላል፤ አንዳንዴ ችግኙንም ጭምር። ምናለ የልጆቹን ትጋት እያየ ደስ ይለው ነበር።

አትክልቱ ሲደርስ ግን አንዲት ቅጠል እንኳ ከቤቱ ድስት አልገባችም። ምናለ የሣር ክዳኑን በቆርቆሮ ለመለወጥ ቸኩሎ ስለነበር ሁሉንም በቅርጫት እየሞላ ለከተማው ሆቴሎች ያስረክብ ጀመር። አዛለች ለልጆቹ ጥቂት እንዲያስቀር ለመነችው።

«ካሮትና ቆስጣ የፈረንጅ ምግብ ነው» አላት። «የልጅ ሆድ በሽሮ ይጠግባል።»

እሷም ከዚያ ወዲያ አላነሣችበትም።

ከጊዜ በኋላ ፋና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መደናበር ጀመረች። በሩን ትስታለች፤ የቀረበላትን እንጀራ በዳበሳ ትፈልጋለች። አባቷ ቀልበ ቢስ ሆነች ብሎ ተቆጣት። እናቷ ዳፍንት መሆኑን ጠርጥራ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት ብትለው፣ ቤቱ ቆርቆሮ እስኪለብስ ድረስ ታገሺ አላት። በዚህ መካከል ኩፍኝ ወደ መንደሩ ገባና ሁለቱንም ልጆች ያዛቸው። የአብስራ ትኩሳቱ ሲለቀው ተነሣ። የፋና ዓይኖች ግን ነጭ ለበሱ፤ ብርሃን ሲያገኛት ፊቷን በእናቷ ነጠላ ውስጥ ትቀብር ነበር።

በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ ሲያደርሷት ብርቅዬ የተባለችው ነርስ ልጅቱ ምን እየበላች እንዳደገች ጠየቀች። አዛለች እያለቀሰች፣ ጓሯቸው ምን እንደሚያበቅልና የሚያበቅለውም ወዴት እንደሚሄድ ነገረቻት።

«ለዓይኗ የሚያስፈልጋት ከደጃችሁ ነበር» አለች ብርቅዬ። «ከዚያ ብትበላ፣ ሲጀምራትም ብታመጧት ኖሮ፣ ኩፍኙ እንዲህ ባልጎዳት። አንዱ ዓይኗ ጠፍቷል። ሁለተኛውን ለማትረፍ እንሞክራለን።»

ሁለተኛውም አልተረፈም።

ቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ፤ ምናለ ግን አንድ ቀን ቀና ብሎ አላየውም። ሰንበቴ የመደገስ ተራው ሲደርሰው ጎረቤቶቹ ሊያጽናኑት ሞከሩ። አቶ ደባሱ የተባሉት ሽማግሌ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነውና ራስህን አትውቀስ አሉት።

«አይደለም አባቴ» አለ ምናለ። «እግዚአብሔርማ ሰጥቶን ነበር። በገዛ እጇ ያጠጣችውን ከአፏ የከለከልኳት እኔ ነኝ።»

ይህን ሲል ከሴቶቹ መካከል ወለተ ሩፋኤል የምትባል እናት የያዘችውን አስቀምጣ ተነሣች። የእሷም ልጅ ከሰሞኑ ሲመሽ ይደናበር ነበር። ልጇን አዝላ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወረደች። ያ ልጅ ዛሬ ያያል።

እናንተም ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ጓሯችሁን ስታለሙ መልካም አደረጋችሁ። ትሸጡም እንደሆነ ሽጡ። ግን አስቀድማችሁ ለልጆቻችሁ አብሉ። ሲመሽ የሚደናበር ልጅ ካያችሁም ከመቆጣታችሁ በፊት ይዛችሁት ሂዱ። ፋና አሁን ከጓሮው ካሮትም ቆስጣም ትበላለች። ዓይኗን ግን አይመልሱላትም።