ሠላሳ አንድ የተሰበሩ አንጓዎች

የጋሼ ይማም የተሰበረ የእጅ አንጓ በአርባ ደቂቃ ገጠመ። የኮምቦልቻ ሰው በዚህ መደነቅ ካቆመ ቆይቷል። ክንድን ወደ ብርሃን እጅጌው፣ ማለትም አጥንት ወደሚሰፋው ቱቦ ማስገባት፣ ትንሽ መቆጥቆጥ፣ ከዚያ ወደ ቤት ነው። የድሮ ወጌሻ ቢያየው በቅናት ይታመም ነበር።

የቀረው ዕጣ ሚዛኑ ብቻ ነበር። ይህ መሣሪያ አጥንቱ የተሰበረው ሰው በመጪው ዓመት ውስጥ የመሞት ስጋቱ ምን ያህል እንደሆነ ይገምታል። አረንጓዴ ካበራ ወደ ቤት፣ ቀይ ካበራ ወደ አልጋና ክትትል።

«ደህና ነዎት?» አለ መሣሪያው።

«አልሐምዱሊላህ!»

«ከዚህ በፊት ወድቀው ያውቃሉ?»

«እኔ? ሠላሳ ዓመት የአየር ባቡር ስነዳ አንድ ቀን ያልተንገዳገድኩ!»

«ቤት ውስጥ የሚረዳዎት ሰው አለ?»

«ሞልቶ!»

አረንጓዴ በራ። ጋሼ ይማም ኮፍያቸውን አነሱ።

ባለሙያዋ ሰዓዳ ግን በሩን አልከፈተችላቸውም። ትናንት ያየችው ነገር አልለቀቃትም። ባለፈው ዓመት አንጓቸውን ሰብረው፣ በእሷ እጅ አረንጓዴ አግኝተው የሄዱ ሠላሳ አንድ አዛውንቶች ነበሩ። ስማቸውን ከቀበሌው መዝገብ ጋር ስታስተያይ ስምንቱ ሞተዋል። መሣሪያውን ብትፈትሸው አንድም ብልሽት አጣችበት።

አሁን እኚህን ሽማግሌ ስታይ ገባት። ሩቅ አገር የተሠራው ዕጣ ሚዛን ሰውን በቃሉ ያምናል። እዚህ አገር ደግሞ ለመጀመሪያው «ደህና ነዎት?» እውነቱን የሚመልስ ሰው ገና አልተፈጠረም! እውነቱ የሚወጣው ሰላምታው ሦስት አራት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ፣ ያውም አረፍ ተብሎ ነው።

ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እንዴት ነዎት ግን?»

«ደህና አልኩሽ'ኮ።»

«ቤትዎስ?»

«ደህና።»

«እርስዎስ፣ ደህና ነዎት?»

ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ አንጓውን ሰብሮ የሞተ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«አንጓውስ አይገድልም። እኔን የሚያስፈራኝ እርስዎን የጣለዎት ነገር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ጋሼ።»

ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አዟዟሩት።

«ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ስወድቅ ይኼ ሦስተኛዬ ነው» አሉ። «ዓይኔ ላይ ይጨልማል። ዛሬ ጠዋት ወድቄ፣ ጎረቤት እስኪሰማኝ ቀትር ሆነ። ምግቡም... ለአንድ ሰው ምን ይበሰላል ብለሽ ነው?»

ገና ያልተዘጋው ዕጣ ሚዛን ሁሉንም ሲሰማ ቆይቶ ቀይ አበራ።

«ይኸው፣ አሳሰርሽኝ!» አሉ ጋሼ ይማም። ፊታቸው ላይ ግን እፎይታ ነበረ። ሰዓዳ ዛሬ ልባቸው እንዲመረመር ጽፋ አልጋ አስያዘችላቸው። አዘነችም፣ ደስም አላት። ስለ ስምንቱ ስታስብ ግን አለቀሰች።

ከዚያ በሕይወት የቀሩትን የሃያ ሦስቱን ስም ዝርዝር አወጣችና ወደ መጀመሪያዋ ደወለች። እማማ ጥሩአየር ይባላሉ።

«ምን ጎድሎኝ፣ ልጄ! ተመስገን ነው» አሉ በደማቅ ድምፅ።

ሰዓዳ ስልኩን አልዘጋችም። ስለ ልጆቻቸው ጠየቀች፣ ስለ ጉልበታቸው ጠየቀች፣ ስለ እንቅልፋቸው ጠየቀች። ሁሉም ደህና ነው። እንደገና «እርስዎስ?» አለች።

ደማቁ ድምፅ ዝቅ አለ።

«ጊዜ አለሽ?» አሉ እማማ ጥሩአየር።