የግራውኮፍ ሁለት ገመዶች

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም.፣ በኅዳር ወር፣ የቅዱስ ማርቲን በዓል ባለፈ በሳምንቱ፣ በቲሮል ምድር ግራውኮፍ የተባለው ተራራ ከወገቡ በላይ አዲስ በረዶ ለብሶ ነበር፤ ከአዲሱ በረዶ ሥርም ከቅድመ አያት ዘመን ጀምሮ ያልቀለጠው የበረዶ ግግር፣ ሰው የሚውጡ ስንጥቆቹን ሸፍኖ ተኝቶ ነበር። ከብቱ ከግጦሽ ወርዶ በረት ገብቷል፤ ድርቆሹ ተከምሯል፤ የሂንተርአልም መንደር ሰው በዚያ ወር ወደ ተራራው ሽቅብ የሚያይበት ጉዳይ አልነበረውም። ጉዳይ የነበራቸው የከተማ ጌቶች ብቻ ነበሩ።

ጌቶቹ በወይዘሮ ዋልቡርጋ የእንግዳ ማረፊያ፣ ከሸክላው ምድጃ አጠገብ ያለውን ትልቁን ገበታ ይዘው፣ ግራውኮፍን በስኪ፣ ማለትም እግር ላይ ታስሮ በረዶ ላይ በሚያንሸራትት ረጅም ሳንቃ፣ ለመሻገር ይመክሩ ነበር። ያን ግግር በኅዳር በስኪ የተሻገረ ሰው እስከዚያ ዘመን አልተሰማምና፣ ነገሩ ሁሉ ፊተኛ ለመባል ነው። በአንድ ወገን ጡረተኛው ሻለቃ ባሮን ፎን ትራውኔክ ከወጣቱ መቶ አለቃ ሊንሃርት ጋር ተቀምጠዋል፤ እነዚህ በአንድ ረጅም ዘንግ እየተመረኮዙ የሚንሸራተቱ ናቸው። በሌላው ወገን የፍርድ ቤት አማካሪው ዶክተር ሽቴግማየር ከአንድ መድኃኒት ሻጭ ወዳጃቸው ጋር ነበሩ፤ እነዚህ ደግሞ በሁለት አጫጭር ዘንጎች የሚሄዱ። አንድ ዘንግ ይሻላል ሁለት በሚለው ክርክር በዚያ ዘመን ወዳጅ ከወዳጁ ተኳርፏል፤ ማኅበር ለሁለት ተከፍሏል፤ የተከበረ ሰው በጋዜጣ ተሰዳድቧል። ዋልቡርጋ ግን ሁለቱንም ወገን እኩል ትንቅ ነበር፤ በንቀቷ አድልዎ የለባትም።

«ሁለት ዘንግ የያዘ ሰው በአራት እግሩ የሚሄድ ፍየል ነው» አሉ ሻለቃው፣ ጢማቸውን እያሹ።

«በአንዱ ዘንግ ላይ እግሩን አንፈራጦ የሚቀመጠውማ፣ ክቡር ሻለቃ፣ መጥረጊያዋ ላይ የተሳፈረች ጠንቋይ ነው» አሉ ዶክተሩ።

«መጥረጊያ ያነሰው ካለ ከበሩ ኋላ አለኝ» አለች ዋልቡርጋ፣ የሾርባውን ሳህን በመካከላቸው ዘጭ አድርጋ እያስቀመጠች።

ሻለቃው ተራራ አያውቁም እንዳይባል አሳምረው ያውቃሉ። ካርታውን ዘርግተው፣ «በሚያዝያ ቢሆን በረዶው ጠጥሮ ይሸከመን ነበር፤ አሁን ግን በየስንጥቁ አፍ ላይ እንደ ላባ ነው የተኛው። በገመድ መታሰር ግድ ነው» አሉ። ዶክተሩም «ያለ ጥርጥር ግድ ነው» አሉ። ይህን ጊዜ ዋልቡርጋ ልቧ መለስ አለላት፤ መንገድ መሪያቸው ባሏ ካሲያን ነበርና፣ አምስቱ በአንድ ገመድ ከታሰሩ ቢሰምጥ እንኳ አራቱ ጎትተው ያወጡታል ብላ።

«ይሁን እንጂ» አሉ ሻለቃው፣ «እኔ ከባለ ሁለት ዘንግ ጋር በአንድ ገመድ አልታሰርም።»

«እኛስ የምንለምንዎት መሰለዎ? በአንድ ገመድ ታስረን ፊተኛው ማን ሊባል ነው?» አሉ ዶክተሩ።

ስለዚህ ሁለት ገመድ ይሁን ተባለ፤ ሁለት ሁለት ሰው በየገመዱ። ካሲያንስ? ከነሻለቃው ይታሰር ሲባል እነዶክተሩ «ድሉ የእናንተ ሊባል!» አሉ፤ ከነዶክተሩ ይታሰር ሲባል ሻለቃው ገበታውን በጡጫ መቱ። በመጨረሻ መሪው ከማንም ወገን ሳይሆን፣ ሳይታሰር፣ ብቻውን ከፊት እንዲሄድ ተስማሙ፤ ሁለት መንግሥታት እንደታረቁ ያህልም ተነሥተው ተጨባበጡና ከተራራ ተክል ሥር የወጣ አረቄያቸውን ጠጡ።

ካሲያን ረጅም፣ ኩሩ ሰው ነበር። ባርኔጣው ላይ የሰካት የናስ ምልክት ከተራራ ወጪዎች ማኅበር የተሰጠችው ናት፤ ያለ እሷ በዚያ አገር እንግዳ መምራት አይፈቀድም። ለክቡራን ጌቶች ራሱን ነቀነቀ።

«ካሲያን፣ ሰማህ?» አለችው ሚስቱ።

«ሰማሁ።»

«ምን ሰማህ?»

«ከፊት ነኝ።»

«ከፊት መሆንህንማ ሰማህ፤ ገመድ አልባ መሆንህን ጆሮህ ዘለለው!»

«አንቺ ሴት፣ በሰው ፊት ዝም በይ!»

«ሰው የታለና? እኔ የማየው ጢምና ዘንግ ነው።» ወደ ሻለቃው ዞረች። «ክቡር ሻለቃ፣ ባሌ ከመካከላችሁ ታስሮ ይሄዳል፤ አለዚያ አይሄድም።»

ሻለቃው እንደ ዝንብ አዩዋት። «የማኅበሩን ምልክት የሰካ፣ ማኅበሩ ባዘዘው ይሄዳል። ካልፈለገ ይመልሳታል፤ በረት የሚጠርግ ሰው መቼም አይጠላም።»

ዋልቡርጋ የባሏን ባርኔጣ ከመስቀያው አወረደች፤ ምልክቷን ነቀለችና በሻለቃው ሾርባ ውስጥ፣ ከሚንሳፈፈው የዳቦ ድቡልቡል አጠገብ ጣለቻት። «ይኸው፤ አብረው ይዋጧት።»

ካሲያን እንደ ፍም ቀልቶ ተነሣ። ያቺን ናስ ለማግኘት ስንት በጋ የሰው ጓዝ በጀርባው እንደተሸከመ ዋልቡርጋ ታውቃለች፤ መልሶ ካነሣት ደግሞ እሱን የምታስቀርበት ሌላ መላ እንደሌላት ታውቃለች። እጁን ወደ ሳህኑ ሰደደ። ሻለቃው ይህን ባዩ ጊዜ ደስ ብሏቸው፣ «አይዞህ ካሲያን» አሉ፣ «አንተ ብትሰምጥ እንኳ፣ የት እንዳንረግጥ ቀዳዳው ያሳየናል።»

ዶክተሩ ሳቁ፤ መድኃኒት ሻጩም ሳቀ፤ መቶ አለቃውም አለቃውን ተከትሎ ሳቀ። በዚያ ቀን ሁለቱ ወገን በአንድ ልብ የሳቁት በዚህ ብቻ ነበር። የካሲያን እጅ ከሾርባው በላይ ቆመ፤ ከዚያም ተመለሰ።

«ክቡራን፣ ሳይቀዘቅዝ ይብሉ» አለና ወደ በረቱ ወጣ።

ጌቶቹም ያለ መሪ ሄዱ። ግግሩ ላይ እንደደረሱ ሁለት ገመድ ሁለት እሽቅድምድም ሆነ፤ እነዶክተሩ ፊተኛ ለመሆን ሌላ መስመር ይዘው ከዓይን ራቁ። ከኋላቸው በቀረው በነሻለቃው ገመድ፣ መቶ አለቃ ሊንሃርት የቆመበት በረዶ ከዳው። ሻለቃው በሆዳቸው እየተጎተቱ እስከ ስንጥቁ አፍ ደርሰው ያዙት፤ መያዝ ቻሉ፤ ማውጣት ግን በአንድ ሰው ጉልበት አይሆንም። እነዶክተሩ ድምፅ ሰምተው እስኪመለሱ፣ ከታች ሲጣራ የነበረው ልጅ ዝም ብሎ ነበር።

ሬሳውን አውርደው ያመጡት ካሲያንና የመንደሩ ወንዶች ናቸው። ዋልቡርጋ ፊቱን በሞቀ ውሃ አጠበችው፤ ቅንድቡ ላይ የቀረውን በረዶ በጣቷ አቀለጠች፤ ያን ዕለት በማንም ላይ ክፉ ቃል አልወጣትም።

ንቀቷ የተመለሰው የማኅበሩ መርማሪዎች ከከተማ የመጡ ለት ነው። የገመዱን ነገር ይጠይቃሉ ብላ እጇን አጣምራ ቆመች። ሊቀ መንበራቸው ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «ሟቹ ሲሰምጥ ዘንጉን በቀኙ ይዞ ነበር ወይስ በግራው?» አሉ። ዶክተሩ ከጥግ፣ «ሁለት ቢይዝ ኖሮ!» ብለው ጮኹ፤ ሻለቃው፣ ክንዳቸው በጨርቅ ታስሮ ሳለ፣ ለመማታት ተነሡ። ዋልቡርጋ ሳህኖቿን ሰብስባ ወጣች።

ካሲያን ከዚያ ወዲህ እንጨትና ድርቆሽ እየጎተተ ኖረ፤ ምልክቷ አልተመለሰችለትም። ሚስቱንም ብዙ ክረምት በገበታ ላይ አኩርፏታል፤ ያዳነችው ሴት ያዋረደችውም እሷው ናትና። ከዓመታት በኋላ የማኅበሩ የታሪክ መጽሐፍ ታትሞ መጣ፤ የደብሩ ቄስም ለዋልቡርጋ አነበቡላት። ስለ ዘንጉ ክርክር ብዙ ገጽ ነበረው፤ ስለ ካሲያን ግን «የመንደሩ መሪ በፍርሃት ቀርቷል» የሚል ብቻ።

«ጀግኖቹን እነሱው ይጻፏቸው፣ አባ» አለች፤ «ፈሪው ራቱን አልበላም፤ ላቅርብለት።»

እንግዲህ ልጆቼ፣ የዘንጉን ነገር የሚሻ ሰው ዛሬም ከየመጽሐፉ ያገኘዋል፤ ግራና ቀኙ ሳይቀር ተጽፏል። አራት ጌቶች በአንድ ገመድ መታሰር ስላሳፈራቸው አንድ ወጣት መሞቱን ግን የጻፈ የለም። ካሲያን ሸምግሎ በአልጋው ላይ ሞተ፤ ከቀባሪዎቹም ሁለቱ፣ ከዚያ ኅዳር በኋላ የተወለዱ ወንዶች ልጆቹ፣ ሣጥኑን ከፊት ተሸክመው ነበር።