ከታርጋው ጀርባ የነበረው ቁልፍ

የፒካፑ ሞተር አሁንም እየሠራ ነበር። ሹፌሩ ፊሊጶስ ግን ከኋላ ጎማው አጠገብ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቷል። ወደ አሪቻ ቡና ማጠቢያ የሚያስገባው ጥርጊያ መንገድ ሰኞ ጠዋት ጉም ስለዋጠው፣ ኢንስፔክተር ድንቅነሽ ሬሳውን ከማየቷ በፊት የሰማችው የሞተሩን ድምፅ ነው። በሮቹ ሁሉ ተቆልፈዋል። ቁልፉ እንደተሰካ ይታያል። ከሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ ጃኬቱ ተጥሏል፤ ከኪሱም የአስም ፓፉ ብቅ ብሏል።

ድንቅነሽ በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስነት ሥራዋ ሬሳ አይታ አልቅሳ አታውቅም። የዚያን ቀን ግን ልክ ከመድኃኒቱ ትይዩ፣ መስታወቱ ላይ የአምስት ጣቶች ምልክት አየችና ፊቷን አዞረች።

የነገሩ ግማሽ ግልጽ ነበር። ከመኪናው ፊት የወደቀ ቅርንጫፍ ወደ ዳር ተጎትቷል። ፊሊጶስ እሱን ሊያነሳ ወርዷል። የዚያ አሮጌ ፒካፕ በር በኃይል ሲዘጋ ራሱን እንደሚቆልፍ ወናጎ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ባለፈው ሳምንት እንኳ ገበያ መሃል ተቆልፎበት ባጃጅ ነጂዎቹ ሲስቁበት ውለዋል። ዛሬ ግን ቅርንጫፉን ጎትቶ ሲመለስ ትንፋሹ አጠረው፣ መድኃኒቱም ከመስታወቱ ወዲያ ቀረ።

ድንቅነሽን ግራ ያጋባት ሌላ ነገር ነው። የሟቹ ቀኝ እጅጌ እርጥብ ቢሆንም ጭቃ የለበትም። ጥፍሮቹ ሥር ግን ጥቁር ጭቃ ሞልቷል። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ ጭቃ የተጠረገበት የእንሰት ቅጠል ተጥሏል። ከሞተ በኋላ ክንዱን የጠረገለት ሰው አለ ማለት ነው።

ሬሳውን ያገኘው ጫላ ነበር፤ የማጠቢያው ቡና መዛኝ፣ የፊሊጶስ የሃያ ዓመት ወዳጅ። ክንዱን ለምን እንደጠረገ ስትጠይቀው መሬት መሬት እያየ ዝም አለ።

የሟች ታላቅ ወንድም ተሾመ ግን ዝም የሚል ሰው አልነበረም። ጫላና ፊሊጶስ ዓርብ ዕለት ተጣልተዋል፤ ጫላ «ቁልፉን አምጣ፣ ከእንግዲህ አትነዳም» ብሎ ሲጮህ ሠራተኛው ሁሉ ሰምቷል። በዚያ ላይ የሟች ሚስት እንደነገረችው፣ ፊሊጶስ ትርፍ ቁልፍ ከኋላ ታርጋው ጀርባ በሽቦ አስሮ እንደሚያኖር የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሚስቱ እታገኝ፣ ዲላ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጁ ሀሴትና ጫላ። ድንቅነሽ ጭቃው ላይ ተንበርክካ እጇን ከታች ሰደደች። ሽቦው አለ፤ ቁልፉ የለም።

«ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?» አለ ተሾመ።

ጫላ ታሰረ። ድንቅነሽን ግን ያ ሽቦ ከነከናት። አልተቆረጠም። በትዕግሥት ከተፈታ በኋላ ጫፉ እጅ እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ሌባ ሽቦ አያጥፍም፤ የሚያጥፈው ተመልሶ የሚመጣ ሰው ነው። ትርፍ ቁልፍ ወስዶ ሊመልስ ያሰበ ሰው ደግሞ ሌላ ሊያስቀርጽበት ካልሆነ ምን ያደርግበታል?

ማክሰኞ ዲላ ሄደች። የመጀመሪያው ቁልፍ ቀራጭ ራሱን ነቀነቀ። መናኸሪያው አጠገብ የሚሠራው ኸይረዲን ግን አስታወሰ። ቅዳሜ አንዲት ተማሪ ቁልፍ አምጥታ ነበር፤ መብራት ስለጠፋ ትታው ሄደች።

«ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ሁለቱንም ወሰደች» አለ። «‹አንዱን ለአባዬ እመልሳለሁ፣ አንዱን እኔ እይዛለሁ፤ ሁለተኛ አይስቁበትም› ብላኝ ደስ ብሏት ሄደች። ምነው፣ ችግር አለ?»

ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ፊሊጶስ ከሞተ አምስት ሰዓት አልፎታል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት ምላሷ ላይ መጣባትና ድንቅነሽ በራሷ አፈረች።

ሀሴት የደበቀችው ነገር አልነበረም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር መቼም ይታወቃል። ዘመዶቿ ማክሰኞ ንጋት ላይ ዩኒቨርሲቲው በር ድረስ ሄደው «አባትሽን ትንሽ አሞታል» ብለው አመጧት፤ ቀሪውን የነገራት ደጃፋቸው ላይ የተተከለው ድንኳን ነው። ስለ መኪናው መቆለፍ ግን ማንም አልነገራትም፤ የጫላን መታሰርም እንዳትጎዳ ብለው ሸሸጓት። ወገኖቿ በማዘን ዝም አሉ፣ እሷም ባለማወቅ።

ድንቅነሽ ከዲላ እንደተመለሰች ጫላ ወዳለበት ገባች።

«አቶ ጫላ፣ ክንዱን የጠረጉት ለሀሴት ብለው ነው» አለችው።

ጫላ ቀና ብሎ አያት። «ቅዳሜ ከመኪናው ሥር ስትወጣ አየኋት» አለ። «ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ‹እንዳትነግርብኝ› አለችኝ። ሰኞ ሳገኘው ክንዱ እስከ ትከሻው ጭቃ ነበር። ፈልጎ ፈልጎ ነው የሞተው። መስታወቱን መስበሪያ ድንጋይ እንኳ አላነሳም፤ ቁልፉ አለ ብሎ አምኗላ።»

«የዓርቡ ጠባችሁስ?»

«ትንፋሽህ እያጠረ ብቻህን አትንዳ አልኩት። እምቢ አለ።»

«ካልተናገሩ እኮ ይፈረድብዎታል።»

«ይፈረድብኝ። እኔ አርጅቻለሁ። እሷ ይህን ይዛ ስንት ዓመት ልትኖር ነው?»

ድንቅነሽ መዝገቡን በዝምታ ዘግታ ጫላን ብትለቀው በወደደች። ተሾመ ግን የወንድሙን ደም እንደሚመልስ በሽማግሌዎች ፊት ምሏል። ስለዚህ ረቡዕ፣ በሰልስቱ፣ ጫላን ይዛ ወናጎ ወዳለው የሐዘን ድንኳን ገባች። እታገኝን ልጅቷን ጓዳ እንድታቆይላት ቀድማ ለምናት ነበር።

«ፊሊጶስን የገደለው ሰው የለም» ብላ ጀመረች። ስለ ቅርንጫፉ፣ ራሱን ስለሚቆልፈው በርና መኪናው ውስጥ ስለቀረው መድኃኒት ተናገረች። ቀጥላ ሽቦው እንዴት እንደታጠፈ አስረዳች። ስለ ጭቃው ግን ምንም አላለችም። «ቁልፉን የወሰደው የሚወደው ሰው ነው። ሌላ አስቀርጾ ሊመልስለት ነበር፤ መብራት ጠፋና ቁልፉ ዲላ ቀረ። ነገሩ ይኸው ነው።»

«ሰው ስም አለው» አለ ተሾመ ተነስቶ። «ስሙ ይነገረን።»

ጫላም ተነሳ። «እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

ድንቅነሽ አላረመችውም። ወደ ድንኳኑ የሚከፈተው የቤቱ በር መጋረጃ ግን ተገለጠና ሀሴት ወጣች። መዳፏ ላይ በአንድ ክር የታሰሩ ሁለት ቁልፎች ነበሩ፤ አንዱ የዛገ፣ አንዱ አዲስ።

«ጋሼ ጫላ፣ አትዋሽልኝ» አለች።

ተሾመ ቀስ ብሎ ተቀመጠና ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። እታገኝ ልጇን ከኋላ አቀፈቻት። ሀሴት ግን አላለቀሰችም፤ የምታየው ድንቅነሽን ብቻ ነበር።

«ፈልጎት ነበር?»

እዚያ ድንኳን ውስጥ መልሱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። ድንቅነሽ «ቀኝ ክንድ፣ እስከ ትከሻ ጭቃ» ብላ የጻፈችበትን ማስታወሻ ደብተር በእጇ ይዛለች። ደብተሩን ከደነችው።

«አልፈለገውም፣ ልጄ» አለቻት። «ጊዜ አላገኘም።»

ልጅቷ ያኔ አለቀሰች። ጫላ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ለድንቅነሽ ራሱን ዝቅ አደረገላት። እሷም ከድንኳኑ ወጥታ ገጹን ከደብተሩ ገነጠለችው፤ አጣጥፋም ኪሷ ከተተችው።