የማብረጃው ኪኒን

ሟቹ አስተማሪ በሕሙማን ማረፊያው አልጋ ላይ፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ አጥፎ ተገኘ። ኢንስፔክተሩ አንሶላውን ገለጥ አድርጎ ፊቱን አየው፤ ጉንጩ ገብቶ አጥንቱ ወጥቷል። ብዙ ሬሳ ስላየ ነው መሰል ምንም አልተሰማውም። አንሶላውን መለሰና ወንበር እንዲያመጡለት ጠየቀ።

ፖሊስ የጠራችው የሟች ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ እናት ሆና ያሳደገችው እሷ ስትሆን፣ «በመድኃኒት ገደሉብኝ» ብላ ከሳለች። ቤቱ የሆስፒታሉ ነው፤ ካንሰራቸው የተሠራጨባቸውና አዲስ ሕክምና የሚሞከርላቸው ሕሙማን ከአስታማሚዎቻቸው ጋር ያርፉበታል።

ሬሳው ተመርምሮ ሲያበቃ የአዲሱ ሕክምና ጥናት ሐኪም ሳትደብቅ አስረዳችው። ሁለት መድኃኒት ተጣምሮ ይሰጣል። አንደኛው ኪኒን ነው፤ ዕጢው የሚያድግበትን መንገድ ለይቶ ይዘጋል። ሌላው በደም ሥር ገብቶ የሰውነትን መከላከያ ይቀሰቅሳል። የተቀሰቀሰ ዘበኛ ግን አንዳንዴ የገዛ ጌታውን ይደበድባል፤ የአስተማሪውም አንጀት ተቆጥቶ ስለነበር ቁጣውን የሚያበርድ ጠንካራ ማብረጃ ኪኒን ታዞለታል። እንዲያም ሆኖ አንጀቱ ተበስቶ ሞተ።

«ማብረጃውስ ጉዳት የለውም?»

«ሲበዛ የዋናውን መድኃኒት ጉልበት ሊያደክም ይችላል። ለተማሪዎቼ እዚያው አልጋው አጠገብ የማስተምረው ነው። ካልወሰደው ግን አንጀቱ አይተርፍም» አለች። «ማብረጃው ለምን እንዳልሠራ ካላወቅን ጥናቱ ይዘጋል። ከጎኑ የተኛው ሹፌር እየዳነ ነው። መድኃኒቱ ከቆመበት አይከርምም።»

ሹፌሩ ሳንባው ተቆጥቶበት ያንኑ ማብረጃ ይወስዳል። ፊቱ እንደ ዳቦ ተነፍቷል፤ ሲያወራም ማኘኩን አላቆመም።

«ጌታዬ፣ ያቺን ኪኒን ከጀመርኩ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። መራራነቷ ደግሞ ሬት ናት። አስተማሪው ግን እንደ ከረሜላ መጥምጦ ሲያበቃ ያንኮራፋ ነበር። የሰው ገላ አንድ አይደለም መቼም።»

የማረፊያው ነርስ ለሁለቱም ከአንድ ብልቃጥ ታድል እንደነበር ተናገረች። ሹፌሩ የራሱን ራሱ ይቀበላል፤ የአስተማሪው እጅ ስለሚንቀጠቀጥ የእሱን የምትቀበለው እህቱ ናት። እህትየውም አልካደችም። አንድ ቀን ሳታጓድል በገዛ እጇ እንዳዋጠችው፣ ሐኪሟ ከተማሪዎቿ ጋር ስትመጣም ከአጠገቡ ተለይታ እንደማታውቅ ነገረችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም መመገቢያው ክፍል ሰበሰባቸው።

«ማብረጃው እንቅልፍ ይነሳል፣ ያስርባል፣ ፊት ያሳብጣል። ሹፌሩን እዩት» አለ በደከመ ድምፅ። «አስተማሪው ግን ጉንጩ ገብቶ ሲያንኮራፋ ነው የሰነበተው። እንደ ሬት የሚመርረውንም ኪኒን መጠመጠው ተብሏል። ስለዚህ ሲወስድ የነበረው ሌላ ነገር ነው። ብልቃጡ አንድ ነው፤ ሹፌሩ ላይ ሠርቷል። እንግዲህ ኪኒኑ የተለወጠው ከነርሷ እጅ ከወጣ በኋላ ነው። ሹፌሩ ለውጦት ቢሆን የሚያዘጋው የራሱን መድኃኒት ነው። ሐኪሟም የገዛ ጥናቷን። የቀረ አንድ እጅ ነው።»

ወደ እህትየው ዞረ።

«እትዬ፣ ምን ነበር የሚሰጡት?»

«ቫይታሚን» አለች። ለመደበቅ እንኳ አልሞከረችም። «ማብረጃው መድኃኒቱን ያደክማል ብላ ለተማሪዎቿ ስትነግር ሰማሁ። እንዲደክምበት አልፈለግኩም። የሆድ ቁርጠት ሰው ይገድላል ብዬ መቼ አሰብኩ?»

«ታዲያ ለምን ከሰሱ?»

«እኔማ ደህና አድርጌ ነው የያዝኩት። ሌላ ማን ሊገድለው ይችላል?»

ሹፌሩ ማኘኩን አቆመ። መድኃኒቱ እንደማይቀርበት ገብቶታል፤ ደስ ስላለው ግን አፈረ። ኢንስፔክተሩ በልቡ የሚሰማው ነገር ካለ ብሎ ጠበቀ፤ የለም።

«መድኃኒቱ ግን» አለች እህትየው ወደ ሐኪሟ ዞራ፣ «ሠርቶለት ነበር?»

ሐኪሟ ኢንስፔክተሩን አየችው። እሱ አላገዛትም።

«ሬሳው ሲመረመር ጉበቱ ላይ የነበረው ዕጢ አልተገኘም። ጠፍቷል።»

እህትየው ራሷን ነቀነቀች። አፏም በልማዱ «ተመስገን» አለ።