ቅጠሉ ከተነሳ በኋላ

ቅዳሜ ከሰዓት ወጥ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ጉንዳን፣ ታላቅ ወንድሟና ልብስ ሰፊዋ አክስቷ ናቸው። ጉንዳን ያሏት አንዴ የያዘችውን ስለማትለቅ ነው።

ጠረጴዛው ላይ፣ ለሥዕል ማተሚያ ብላ በፍል ውኃ አሟሙታ ትሪ ውስጥ ያረጋችው ጄላቲን፣ ያ ጄሊ የሚሠራበት ዱቄት፣ ይንቀጠቀጣል።

«ማንኪያ ላምጣ?» አለ ወንድሟ።

«እጅህን ሰብስብ።»

ጄላቲኑ ላይ ጥቁር ቀለም በሚንከባለል ሮለር ቀባች፤ ቅጠል አስተኛችበት፤ ወረቀት ደርባ በመዳፏ አሸችው። ወረቀቱን ስታነሳው ባዶ የቅጠል ቅርጽ ብቻ ወጣ። ዙሪያውን ነጫጭ ክቦች ወርረውታል። ጄላቲኑን ያረጋችው አረፋውን ሳትገፍፍ ነበር።

«ቅጠልሽን ኩፍኝ ይዞታል» አለ ወንድሟ።

አክስቷ ከስፌቷ ቀና አለች። «የኔ ልጅ፣ መምህርሽ በእርሳስ ያልተሳለ ሥዕል የክፍሉ ግድግዳ ላይ አልሰቅልም ካለ ምን አደከመሽ? ዙሪያውን በእርሳስ አድምቂውና ሳልኩት በይ። ሰኞ ከሰው እኩል ይሰቀልልሻል።»

«አልሳልኩትማ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ሳይሰቀል ይቅር?»

ጉንዳን ቀለሙን ከጄላቲኑ ላይ አጠበች፤ ቆራርጣ ድስት ውስጥ ጨመረችው፤ በለስላሳ እሳት አቀለጠችው። ትሪው ላይ መልሳ ስታፈሰው አረፋውን በጋዜጣ ቁራጭ እየጠረገች ወደ ዳር ሰበሰበችው። እስኪረጋ ድረስ ማንንም አላስጠጋችም።

ይሄኛው እንደ መስታወት ለሰለሰ። ቀለሙንም በስሱ ቀብታ ቅጠሉንና ወረቀቱን እንደ ቅድሙ ደረበችበት። የመጀመሪያውን ወረቀት ካነሳች በኋላ ቅጠሉን በጥፍሯ ቀስ ብላ ላጠችው። ከሥሩ የተረፈው ቀለም ላይ አዲስ ወረቀት ደርባ አሸች። ስትገልጠው የቅጠሉ ጅማቶች፣ ፀጉር የሚያካክሉት እንኳ ሳይቀሩ፣ አንድ በአንድ ወጥተዋል።

ወንድሟ ጎንበስ ብሎ አየው።

አክስቷ እርሳስ ወደሷ ገፋ አደረገች። «ጫፍ ጫፉን ብቻ። ማን ያይሻል?»

ጉንዳን እርሳሱን ተቀበለቻት። ከቅጠሉ ሥር፣ ፊት ለፊት፣ በጉልህ ፊደል «አልተሳለም፤ ታትሟል» ብላ ጻፈች።

«አንቺ ልጅ፣ ነገር ፈላጊ ነሽ» አለች አክስቷ።

«እኔስ እውነቱን ነው የጻፍኩት።»

ሰኞ ጠዋት መምህሩ ጽሑፉን አነበበና ግድግዳው ላይ የነበራትን ቦታ ለሌላ ልጅ ሰጠ። በእረፍት ሰዓት ጉንዳን ወረቀቱን የክፍሉ በር ላይ ለጠፈችው።