ያልተሰደበው ተመልካች

ከማለዲን በገዛ ቪዲዮ ቤቱ ጓዳ፣ በአሮጌ ካሴቶቹ መሃል፣ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን ተመትቷል። አጠገቡ በሰንሰለት የተያያዙ ሁለት አጫጭር ዱላዎች፣ የካራቴ ልጆች ናንቻኩ የሚሏቸው፣ ደም ነክቷቸው ወድቀዋል። ዱላዎቹ የማን እንደሆኑ ለማወቅ ሮቤ ውስጥ ፖሊስ መሆን አያስፈልግም። የካራቴ አሠልጣኙ የጫሊ ናቸው። ከተማውም ፍርዱን ለመስጠት እስኪመሽ እንኳ አልታገሠም፤ ጫሊ እየተደበደበ ጣቢያ ገባ።

ኢንስፔክተር ጂቱ ከጎባ ተጠርታ በማግስቱ ጧት ስትደርስ፣ አስከሬኑን ለማጠብ የመጡት ሰዎች በር ላይ ተሰብስበው ቆመዋል። የሟቹ ወንድም ሻፊ መንገዱን ዘጋባት።

«ሬሳው ይታጠብ፣ ይቀበር። ገዳዩ ታስሯል። አንቺ ደግሞ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ወንድምህን ላየው።»

«አይተሽ ምን ልትፈጥሪ? ስሚኝ፣ ጫሊ ይፈታ ያልሽ ዕለት፣ ወላሂ በሩ ላይ ጠብቄ እጨርሰዋለሁ!»

«ሰማሁ። አሁን ዞር በልልኝ፣ ብርሃን ከለከልከኝ።»

ጂቱ አጭር ሴት ናት፤ አነጋገሯም እንደ ቁመቷ ነው። ባለጌ ናት የሚሏት ብዙ ናቸው። ደንታም የላትም። ቁስሉን አየች፤ አጥንቱ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገብቷል። ናንቻኩውን አነሳችና በጣቷ አንኳኳችው። የሃረና ጫካ ቀርከሃ ነው፣ ውስጡ ባዶ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በብርሃን አገላበጠችው። አንዲት ስንጥቅ አላገኘችበትም።

ከዚያ ወደ ጓዳው በር ዞረች። የበሩ መወርወሪያ ብረት ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ክንድ የሚያህል ከባድ ነው፤ አቧራ ለብሷል። አንዱ ጫፉ ብቻ ታጥቦ ያብረቀርቃል።

«ምን አገኘሽ?» አለ ሻፊ ከደጅ።

«ሬሳውን እጠቡት» አለችና ወጣች።

ይህን ቤት ለማያውቅ ሰው መናገር ያስፈልጋል። በሰማንያዎቹ የተሠሩ የካራቴ ፊልሞች ብቻ የሚታዩበት ቤት ነው። ፊልም ቢሏቸው ፊልም ናቸው እንጂ፣ ሽፍታው የለጠፈው ጺም በጠብ መሃል ይወልቃል፤ አሁን የሞቱት ሰዎች ባርኔጣ ቀይረው ተመልሰው ይመጣሉ፤ አፍና ቃል ደግሞ አንድም ቀን ተገናኝተው አያውቁም፤ ሰውየው አፉን ከዘጋ በኋላ ነው ንግግሩ የሚሰማው። ይህን ሁሉ እያወቀ የሮቤ ሰው ይሞትላቸው ነበር። የሚሞትላቸውም በሙህዲን ምክንያት ነው። ሙህዲን ከአዳራሹ ኋላ፣ በሳንቃ በተከለለች ሳጥን በምታህል ክፍል ተቀምጦ፣ ማይክ ይዞ ፊልሙን ባማርኛና በኦሮምኛ እያደባለቀ ይተርካል። ጀግናውን ያሞግሳል፣ ሽፍታውን ይራገማል፣ ዘግይቶ የገባውን ተመልካች በስሙ ጠርቶ ያዋርደዋል። «አፈ ንጉሥ» ይሉታል። ክፍሏ ወደ ግቢው የምታስወጣ ትንሽ በር አላት፤ ከበሩ ፊት ለፊት ያ ጓዳ ነው። እሱ በሳንቃው ቀዳዳ አዳራሹን ያያል፤ በአዳራሹ ያሉት ግን ድምፁን ይሰማሉ እንጂ እሱን አያዩትም።

ጂቱ ከሟቹ ሚስት ጀመረች። ዙሀይራ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ግቢው ውስጥ ተቀምጣለች።

«ትናንት ፊልሙ ሲታይ የት ነበሩ፣ አዴ?»

«ጎረቤት፣ ከሴቶቹ ጋር። እኔን ነው የጠረጠርሽው?»

«ሁሉንም ነው። ባልዎ ጓዳው ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?»

«ካሴቶቹን ያሽግ ነበር። ቤቱን የኳስ ማሳያ ሊያደርገው አይደል? ዛሬ ገዢዎች መጥተው ዕቃውን ሊወስዱት ነበር። ሙህዲን ለምኖት ነበር እኮ። ከማለዲን፣ አላህ ይማረውና፣ ምላሱ መጥፎ ነው። በሰው ፊት፣ ‹እስኪ ያለ ማይክ ተናገር፣ ውሻ እንኳ ይሰማህ እንደሆነ› ብሎ ሳቀበት።»

«ሙህዲንስ ምን አለ?»

«ምን ይበል? አብሮ ሳቀ።»

ሻፊ ገሰራ ገበያ ውሎ ማምሻውን እንደተመለሰ አብረውት የሄዱት ሁሉ መሰከሩ። ሙህዲንን ጂቱ ያገኘችው ከሳንቃ ክፍሉ ውስጥ ነው። አልተነሳላትም።

«እኔ ፊልም እያወራሁ ነበር» አለ። «አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰምቶኛል። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ልውለድልሽ?»

«ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አውርተዋል፣ ኦቦ?»

«አዛን ሲል ብቻ እዘጋለሁ። ቤቱ ሲከፈት ሽማግሌዎች ያስገቡን ቃል ነው። ሥዕሉ ይሄዳል፣ ድምፅ የለም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ዝም ብሎ ያያል።»

«ትናንትም ዘጉ?»

«ትናንትም ዘጋሁ። ሂጂ ጠይቂ!»

ጂቱ ከማጉያው ኋላ የተንጠለጠለችውን ቀጭን ገመድ አየት አደረገች። ስልክ ከማጉያው ጋር የምታገናኝ ገመድ ናት። ከዚያ ወጣች።

ጣቢያው በር ላይ የጫሊ እናት ወለተኢየሱስ ከጧት ጀምሮ ቆመዋል። ለልጃቸው ልብስ እንኳ እንዲያቀብሉ አልተፈቀደላቸውም፤ ከመንገዱ ማዶ የተሰበሰቡት ሰዎች «የነፍሰ ገዳይ እናት» እያሉ ይሰድቧቸዋል። ውስጥ ጫሊ አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል።

«ከከማለዲን ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«የማሠለጥናቸውን ልጆች ከግቢው አባረራቸው። ዱርዬዎች ናችሁ አለን። ናንቻኩዬ እዚያው ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ቀረች፣ ላመጣ ስል ደግሞ አላስገባም አለኝ።»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ዳገት ላይ ስሮጥ። ብቻዬን። ማንም አላየኝም። በቃ፣ ጻፊው።»

«ምን ይሁንልህ ብለህ ነው ካራቴ የያዝከው?»

ጫሊ ፊቷን አየ። የምትቀልድ መስሎት ነበር፤ አልቀለደችም።

«ፊልሙ ውስጥ ሰውዬው ይደበደባል፣ ይወድቃል፣ ከዚያ ይነሳል። ኦቦ ሙህዲን ‹ተነሳ! ተነሳ!› ሲሉ ልጅ ሆኜ የሚጠሩት እኔን ይመስለኝ ነበር። እዚህ ከተማ ግን የወደቀ ሰው ሲነሳ አይቼ አላውቅም። አንቺም ታስነሺኛለሽ ብዬ አይደለም የምነግርሽ።»

የመጨረሻው ተጠያቂ ነገሪ ነው። ነገሪ ጡረታ ላይ ያለ ሽማግሌ ነው፤ አንድ ፊልም አያመልጠውም፤ በሰዓቱም ገብቶ አያውቅም። ጂቱ ሻይ ቤት አገኘችው። ተቆጥቷል።

«ሙህዲንን ልትነካኪ ከሆነ ከእኔ ምንም አታገኚም!»

«ማን ነካው? ትናንት ምን አያችሁ?»

«የአንድ ዓይናውን ፊልም። ከዚያ በፊት በነበረው ቀንም እሱኑ ነው ያየነው። ብንደጋግመው ምን አገባሽ? መብራት ጠፍቶ ብዙ ጠበቅን። ቁጭ ብለን ሳለን አዛን አለ። እኔ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ፣ መብራት መጥቶ ስመለስ ፊልሙ ጀምሯል። ማያው ፊት ቆሜ ወንበር ፈለግኩ፣ ዙሪያዬን አየሁ፣ ሙህዲን ግን አንድም ቃል አልወረወረብኝም።»

«ሁልጊዜ ይሰድብዎታል?»

«ሁልጊዜ! በነዚህ ሁለት ቀናት ግን አልሰደበኝም። እኔማ ሸመገልኩና ተከበርኩ ብዬ ለሚስቴ ነግሬያታለሁ።»

«ከዚያ በኋላ ፊልሙ ደህና ነበር?»

«መሃል ላይ ድምፁ ጠፋ እንጂ። አንድ ዓይናው የመምህሩን በትር የሚሰብርበት ቦታ። ሽቦው ነው አልን፣ ተመለሰ።»

ጂቱ ሻዩን ከፈለችለት። «ነገ በተለመደው ሰዓት ፊልም ይታያል፣ ይምጡ። እንደ ልማድዎ ዘግይተው።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ሰው የመጣው ፊልም ሊያይ አልነበረም፤ ጫሊ በካቴና መምጣቱን ሰምቶ ሊሰድበው ነው። ወለተኢየሱስ ጥግ ይዘው ቆመዋል። ኢዳ ላይ፣ ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት ከቤቷ በማትርቅበት ጊዜ፣ ያለችው ዙሀይራ ግቢው ግቢዋ ነውና ከኋላ በር አጠገብ ተቀምጣለች። ሻፊ በሩን ይዟል።

«ኦቦ ሙህዲን» አለች ጂቱ «የዚያን ዕለት እንዳደረጉት ያድርጉልኝ። ያንኑ ፊልም።»

«የሰው ሬሳ ላይ ፊልም? አላፈርሽም?»

«ካልቻሉ እንግዲህ…»

አዳራሹ ዞሮ አየው። ሙህዲን ደግሞ የሞላ አዳራሽ አይቶ ማይክ መተው የሚችል ሰው አይደለም። ገባ፤ ፊልሙ ተጀመረ። መጀመሪያ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ጀግናው ድንጋይ ተሸክሞ ደረጃውን ሲወጣ ግን ሞቀው። ሊሳደቡ የመጡት ሳያውቁት ዝም አሉ።

ይሄኔ ነገሪ ገባና ማያው ፊት ተገተረ።

«ሆ! ነገሪ!» ብሎ ጮኸ ማጉያው። «ያ ጭንቅላትህ የሳነቴን ተራራ ያህላል፣ ዞር በል! ጀግናው እንኳ ጠላቱን ማየት አቃተው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ነገሪ ግን አልሳቀም። ቀስ ብሎ ወደ ሳንቃ ክፍሉ ዞረ።

«ዛሬ አየኸኝ» አለ። «ያን ዕለት ለምን አላየኸኝም፣ ሙህዲን?»

ማጉያው ወደ ፊልሙ ተመለሰ። ድምፁ ግን ቀዝቅዟል። ብዙም ሳይቆይ ከመስጊዱ የዐስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ አዛን ተሰማ። የሙህዲን እጅ እንደ ልማዱ ማጉያውን ዘጋ። ማያው ላይ፣ ያለ ምንም ድምፅ፣ አንድ ዓይናው የመምህሩን በትር አነሳና ጉልበቱ ላይ ሰበረው።

«ያ ረቢ!» አለ አንድ ሰው። «ያን ዕለትም ዝም ያለው እዚህች ጋ ነው!»

ጂቱ አዛኑ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ፊልሙን ሳታስቆም ማያው ፊት ቆመች።

«መጀመሪያ ናንቻኩው» አለች። «ባዶ ቀርከሃ ነው። የሰው አጥንት ሰብሮ ራሱ ሳይሰነጠቅ አይቀርም። ከማለዲን የተመታው በጓዳው መወርወሪያ ነው፤ ጫፉ ታጥቧል። ናንቻኩው ደም የተቀባው በኋላ ነው። ግቢው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ጫሊ ደግሞ ወደ ግቢው እንዳይገባ ተከልክሏል።»

«ሙህዲን ሲያወራ ነበር! ሁላችንም ሰምተናል!» አለ ሻፊ።

«የሰማችሁት ድምፁን ነው። እሱ ግን በዋዜማው፣ ይህንኑ ፊልም በተለመደው ሰዓት ሲያሳይ፣ ስልኩን ከማጉያው ጋር አገናኝቶ፣ ማንንም በስሙ ሳይሰድብ፣ ሁሉንም ቀድቷል። አዛን ሲል ዘጋ፤ ቅጂውም ዝም አለ። ደስ አለው። ቅጂው በአዛን ሰዓት ዝም ካለ፣ ሙህዲን እዚህ አልነበረም የሚል ማን አለ? ቃልና አፍ ባይገናኝም በነዚህ ፊልሞች ማን ይጠረጥራል?»

ጂቱ ወደ ሳንቃው ክፍል ዞረች።

«መብራት ግን ጠፋ። ፊልሙ ሳይጀመር አዛን ብሎ አለፈ። ሌላ ቀን እንዳይጠብቅ፣ በነጋታው ዕቃው ተሸጦ ይሄዳል። ንዴቱም አላስቻለውም። ፊልሙንና ስልኩን እኩል አስነስቶ በትንሿ በር ወጣ። ስልኩ ለኦቦ ነገሪ ዓይን የለውም፤ አልሰደባቸውም። መሃል ላይ ደግሞ ማንም አዛን ሳይል፣ ከዋዜማው የተቀዳው ዝምታ መጣ። እኔ ስጠይቀው፣ ‹ትናንትም ለአዛን ዘጋሁ› አለኝ። ለየትኛው አዛን፣ ኦቦ ሙህዲን?»

ሙህዲን ከሳንቃው ክፍል ወጣ። ማይኩን ይዞታል፣ ግን ማጉያው ተዘግቷል፤ ድምፁ ከፊት ወንበር አላለፈም።

«ውሻ እንኳ አይሰማህም አለኝ» አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ ይቺን ከተማ አሳቅኳት፣ አስለቀስኳት። እሱ ውሻ እንኳ አይሰማህም አለኝ።»

ሻፊ ዘለለ። የአዳራሹን በር መወርወሪያ መቼ እንዳነሳው ማንም አላየም። ብረቱ ከሙህዲን ጭንቅላት በላይ ሲነሳ፣ በካቴና የታሰረው ጫሊ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ በእግሩ የሻፊን እጅ መታው። ብረቱ መሬት ላይ ተንከባለለ። የፊልሙን ያህል አልጮኸም። ያ ቤት በዕድሜው ያየው እውነተኛ እርግጫ ያ አንድ ብቻ ነው።

«እኔንም በር ላይ ጠብቀህ እንዲህ ልታደርገኝ ነበር» አለው ጫሊ። ሻፊ እጁን ይዞ አንገቱን ደፋ።

ጂቱ ካቴናውን ከጫሊ እጅ ፈትታ ሙህዲንን አሰረችበት። ጫሊ የተላጠ አንጓውን እያሸ ሙህዲን ፊት ቆመ።

«ካራቴን የወደድኩት በእርስዎ አፍ ነው። ለምን በእኔ ላይ?»

ሙህዲን ዓይኑን አልሰበረም።

«ተመልካቼን አውቀዋለሁ፣ ልጄ። ማንን እንደሚጠላ አውቅ ነበር።»

ጫሊ ወደ አዳራሹ ዞረ። የደበደቡት እዚያ አሉ፤ እናቱን የሰደቡት እዚያ አሉ። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። እናቱን በክንዳቸው ይዞ ወደ በሩ ሲራመድ ነገሪ ተነስቶ መንገዱ ላይ ቆመ።

«ልጄ፣ እኛ እኮ…» አለ።

ጫሊ ከተወለደ ጀምሮ በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው «አንተ» ብሎ አያውቅም።

«ዞር በል» አለው።

ነገሪ ዞር አለ።